ለሀያት፦ ስለ ኦክ ጫካሽና ስለ በለጤ

ይድረስ ለውድ ልጄ ለሀያት። ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ጥቅምት ገብቶም ዝናቡ አልተወንም፤ የጅማን ነገር ታውቂው የለ!

እዚያ እንግሊዝ አገር ስላየሽው ያረጀ የኦክ ዛፍ ጫካ የጻፍሽውን ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ፎቶዎቹን ደግሞ ወርክሾፕ ላሉት ልጆች አሳየኋቸው። ያ ውስጡ ባዶ የሆነው፣ አንቺ ገብተሽ የቆምሽበት ዛፍ ብዙ አከራከረን። አንደኛው «ይሄማ የሞተ ነው፣ ማገዶ ነው» አለ። እኔ ግን ቅርንጫፉ ላይ ያለውን ቅጠል አሳየሁት። ዛፍ የሚኖረው ከልጡ ሥር ባለው ስስ ክፍል ነው። መሃሉ ቢበሰብስም ውሃው በዳር በዳር እየወጣ ይቀጥላል። የእኛም አሮጌ ወይራ እንዲሁ ነው፤ ሆዱ ባዶ ሆኖ ስንት ዘመን ይኖራል።

ኦክን እኔ የማውቀው በእንጨትነቱ ብቻ ነው። ድሮ አንድ ሰው ከውጭ የመጣ አሮጌ ጠረጴዛ ለጥገና አምጥቶልኝ ነበር። ሚስማሩ የተመታበት ሁሉ ዙሪያው ጠቁሯል። ለካ ኦክ ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ፤ እርጥበት ካገኘና ብረት ከነካው ይጠቁራል። ፈረንጆች ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበትን ጥቁር ቀለም የሚሠሩት ከኦክ ዛፍ እባጭና ከብረት ጨው ነበር አሉ። ጥሩ በርሜልም ይወጣዋል ይባላል። በርሜሉ ውስጥ ምን እንደሚጨመር አልጠየቅሁም።

መጨረሻ ላይ «እኛ አገር እንዲህ ያለ ያረጀ ጫካ አለ ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽኝ ግን አስቆኛል። እንዴ ሀያት! ከሰቃ ጨቆርሳ ወደ ሸቤ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጅማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለውስ ምንድን ነው? ወደ ቦንጋ ስንሄድ መኪና ውስጥ እንቅልፍሽን እየለጠጥሽ ነው ያለፍሽው። በለጤ ይባላል። ከጌራው ደን ጋር አንድ ላይ በለጤ ጌራ ይሉታል።

ደብዳቤሽ ስለቆሰቆሰኝ ባለፈው እሁድ ከአጎትሽ ጋር ሄድኩ። አጎትሽ እዚያ ዳር ቡና እንዳለው ታውቂያለሽ። ወንድምሽንም ይዘነው ሄድን፤ ኔትወርክ የለም ብሎ ግማሹን መንገድ አጉረመረመ።

ጫካው ውስጥ ስትገቢ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ያዩሻል እንጂ አይሸሹም። ያ ነጭ ጭራቸው እንደ ነጠላ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። ከዛፎቹ ሁሉ ላይ አናቱን አውጥቶ የሚታየው ቀረሮ ነው፤ እስከ 50 ሜትር ይደርሳል። ሥሩ ላይ ቆሜ ቀና ብዬ ሳይ አጎትሽ ሳቀብኝና «ጣውላውን ቆጥረህ ጨረስክ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እየቆጠርኩ ነበር። አናጺ ዛፍ ሲያይ ሌላ ምን ያደርጋል? ለነገሩ ዛሬ ወርክሾፔ ውስጥ ያለው ባህር ዛፍና ኤምዲኤፍ የሚሉት ተፈጭቶ የተጣበቀ የእንጨት ሰሌዳ ነው። ለበርጩማ የሚሆን ዋንዛ ሲገኝ ከሰው ግቢ ነው የምንገዛው። ዋንዛና ዝግባን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክሏል። ያኔ እኛ አናጺዎች ተነጫንጨን ነበር። አሁን ሳየው ግን አዋጁ ዘገየ እንጂ አልከፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንቺ የላክሻቸው ፎቶዎች ሁሉ ወደ ላይ የተነሱ ናቸው። ቅርንጫፍ፣ ቅጠል፣ ሰማይ። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ወደ ላይ ነው። አጎትሽ ቡና ውስጥ ስንገባ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከላይ ሰሳና ብርብራ ጥላ ሠርተዋል፣ መሃል መሃል ላይ ትልልቅ ዋንዛ አለ፣ ከሥራቸው ቡናው ተንዠርግጓል። ያምራል። መሬቱ ደግሞ የተጠረገ ግቢ ነው። ከቡናና ከትልልቁ ዛፍ በስተቀር ምንም የለም። በቁመቴ ልክ የሚሆን፣ ጣት የሚያህል፣ ክንድ የሚያህል ዛፍ ፈልጌ አጣሁ። ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር በይው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቡና ከመለቀሙ በፊት በየዓመቱ ሥሩ ይመነጠራል። ገጀራው አረሙን ከዛፍ ችግኝ አይለይም። «ካልተመነጠረ እንዴት ይለቀማል? ለቃሚው እባብ ይፈራል» ይላል አጎትሽ። ልክ ነው። እሱ በዚህ ቡና ነው ልጆቹን ያስተማረው። እኔ ከጅማ ከተማ መጥቼ ስለ ጫካ ልምከርህ ብለው በዱላ ነው የሚያባርረኝ፤ ደግሞም ይገባኛል።

ከዚያ ወንዙን ተሻግረን ያልተመነጠረው ውስጥ ገባን። እዚያ መራመድ ራሱ ሥራ ነው። ሐረጉ ይይዝሻል፣ ኮሮሪማው እስከ ወገብ ነው፣ ጥምዙ ግንዱ ላይ ይሳባል። መሬቱን ስታዪው ግን የቀረሮ ልጆች ሞልተዋል! ስንዝር የሚያህሉ፣ ክንድ የሚያህሉ፣ ከእኔ የሚበልጡ። የቀረሮ ፍሬ በጆንያ አስቀምጠሽ ለከርሞ የምትዘሪው ዓይነት አይደለም። ከደረቀ አለቀ። ስለዚህ ጫካው መጠባበቂያውን የሚይዘው በዘር ሳይሆን በችግኝ ነው። ችግኞቹ ጥላ ሥር ቀጭጨው ይጠብቃሉ፤ ትልቁ ሲወድቅ ብርሃኑን አግኝተው ይነሳሉ። አንድ ቀን በገጀራ ያለፈ ሰው የስንት ዓመት ጥበቃ እንደሚያጠፋ አስቢው።

ስለ ኦክ ፍሬም ሳነብ ይኸው ሆኖ አገኘሁት። እሱም ከደረቀ አይበቅልም። አንድ የቁራ ዘመድ የሆነ ወፍ ለክረምት ስንቅ ብሎ በሺህ የሚቆጠር ፍሬ መሬት ውስጥ ይቀብራል፤ ረስቶት የቀረው ይበቅላል። ግን ኦክ ጥላ አይወድም፤ እናቱ ሥር ብዙ አይቆይም። የበቀለውንም አጋዘን ይግጠዋል። እናንተ ዘንድ ጥንታዊ ጫካ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1600 ጀምሮ ሳይቋረጥ ጫካ ሆኖ የቆየ ነው ብለሽኛል። ታዲያ ያ የቆመው ሽማግሌ ሲወድቅ በእሱ ቦታ የሚነሳው የትኛው ነው? ይህን አይተሽዋል? ካላየሽ ተመልሰሽ ሂጂና እዪልኝ።

ከሥር ያለው ቁጥቋጦ ምን ይጠቅማል እንዳትዪኝ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ ገና በአረንጓዴው የሚያጠቁር በሽታ አገራችን ገባ። ስንቱ ቡና በዛፉ ላይ ጠቆረ። መድኃኒቱ የተገኘው የት ይመስልሻል? ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራቡ ጫካና በገበሬው ቡና ውስጥ እየዞሩ በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች መረጡ። እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ዘራቸውን አባዝቶ ለገበሬው ሰጠ። 74110 የሚባለው ቡና እናት ዛፉ የተገኘችው በመቱ በኩል ነው፤ 74 ማለት የተመረጠበት የፈረንጆች ዓመት ነው። እነዚህን ዛፎች በሽታ የማይበግራቸው መሆኑን ማንም ሳያውቅ ነው እዚያ የቆዩት። ያኔ ሁሉም ቦታ ተመንጥሮ አንድ ዓይነት ቡና ብቻ ተተክሎ ቢሆንስ?

በለጤ እስከ ዛሬ የቆመው በዕድል ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ጃፓኖች ጃይካ በሚባለው የልማት ድርጅታቸው በኩል ከኦሮሚያ ክልል ጋር ፕሮጀክት ጀምረው ነበር። ነዋሪው ዋቡብ በሚባል ማኅበር ተደራጀ። ቡናውን ልቀሙ፣ ማሩን ቁረጡ፣ ኮሮሪማውን ውሰዱ፣ ደኑን ግን አትመንጥሩ የሚል ስምምነት ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ጥቅም የሌለውን ነገር ማን ይጠብቃል? እኔን ያሳሰበኝ ግን ደን አልተመነጠረም ስንል ከላይ ያለውን ብቻ እያየን መሆኑ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጫካ ነው። ሥሩ ግን ተተኪ የለውም።

ከአጎትሽ ጋር እዚያው ቁጭ ብለን ተከራከርን። በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማማን። ገጀራ የሚይዙት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ችግኙን እንዲለዩ ምልክት ያስፈልጋል። እሱ በየቦታው ጥቂት የቀረሮና የዋንዛ ችግኝ ይመርጣል፤ ቡናውን በማይጋፋበት ቦታ። እኔ ደግሞ ከወርክሾፑ ቁርጥራጭ እንጨት ካስማ እሠራና ነጭ ቀለም እቀባለሁ። ካስማ ያለበት አይነካም። ወንድምሽ እንኳን በስንት ልመና መቀባቱን ጀምሯል፤ ጫማውንም አብሮ ቀብቶታል።

አንቺ ዘንድ አጋዘን እንዳይበላው ችግኙን በፕላስቲክ ቱቦ ይሸፍኑታል አሉ። እውነት ከሆነ ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ እንዴት እንደሚታሰር አይተሽ ጻፊልኝ። እዚህ ያስቸገረን አጋዘን ሳይሆን ገጀራ ነው፤ ቢሆንም ከቀርከሃ መሥራት ይቻል እንደሆነ ልሞክረው።

እናትሽ ኮሮሪማና ጥምዝ አዘጋጅታለች፤ ሰው ሲገኝ እንልካለን። ኮሮሪማው ከዚያው ከበለጤ ነው፤ አጎትሽ ነው የሰጠን። ደውዪለት፤ ተቀይሞሻል።

አባትሽ
ጅማ