ረቂቁ ሲያልቅ ማተሚያ ቤቱ ይቆይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ጀማሪ የልብ ወለድ ደራስያን በተነሳ ቁጥር «እንዴት ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ ሰፊ ቦታ ያገኛል። የመጨረሻው አራት ነጥብ ካረፈ በኋላ ስላሉት ወራት ግን እምብዛም አይወራም። ተስፋ ያለው ሥራ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው፤ ጸሐፊው ወይ በሳምንቱ ማተሚያ ቤት ይሮጣል፣ ወይ ሁለተኛ ቅጽ ይጀምራል።

ረቂቁ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይቀመጥ። ወዲያው ያነበበ ሰው የሚያየው የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው። ከዚያ ሙሉውን በወረቀት አትሞ በሁለት ሦስት ቀን መጨረስ ይበጃል። እርማት የለም፤ ኅዳጉ ላይ ምልክት ብቻ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ መስመር ይያዝ፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ተለወጠ። «ምን ተለወጠ» የሚለው ባዶ የሆነበት ትዕይንት ይወጣል፣ አለዚያም ከሌላው ጋር ይዋሃዳል። «መቼ» የሚለው ደግሞ ብዙ ጉድ ያወጣል። በምዕራፍ 4 የሦስት ወር ነፍሰ ጡር የነበረችው ሴት በምዕራፍ 9 ጤነኛ ልጅ ትገላገላለች፤ በመካከሉ ያለፈው ጊዜ ሲደመር ግን ሁለት ወር ነው። ይህን ቃላት በማሳመር ማዳን አይቻልም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታረመው ሴራውና የጊዜው ቅደም ተከተል ነው፤ ቋንቋው መጨረሻ ይደርሳል። ተገልብጦ ሲሠራ ጸሐፊው ምዕራፍ 1ን ለወራት ሲያሳምር ይከርምና ታሪኩ የሚጀምረው ከምዕራፍ 3 መሆኑ ይገለጥለታል። ያን ጊዜ ቆርጦ ለመጣል አንጀቱ አይችልም።

የገጸ ባሕርይ ስም የሚቀይር ሰው በኮምፒውተር ሲፈልግ «ኃይሉ»ን ብቻ ሳይሆን «ሀይሉ»ንና «ሃይሉ»ንም ይፈልግ። ፍለጋውንም በሙሉ ቃል ብቻ አይገድበው፤ «ለኃይሉ» እና «የኃይሉ» ያመልጡታል።

አንባቢን በተመለከተ፣ ረቂቁን ለአሥር ሰው በአንዴ መበተን ጉዳት አለው፤ ለሁለተኛው ረቂቅ ያላነበበ ዓይን አይተርፍም። ለሦስት ሰው ይበቃል። «እንዴት ነው?» ሲባል መልሱ «ጥሩ ነው» ነው። «የቱ ገጽ ላይ አስቀመጥከው? እነማን ተምታቱብህ?» ቢባል ግን የሚጠቅም ነገር ይገኛል።

በስድስቱ ሳምንት እጅ እንዳይፈታ አጭር ልብ ወለድ መጻፍ ደግ ነው። ልብ ወለዱ በ«እኔ» ከተተረከ አጭሩ በ«እሱ» ወይም በ«እሷ» ቢሆን፣ የተራኪው ድምፅ ከጆሮ ይወጣል። ለቀጣዩ ትልቅ ሥራ የታሰቡት ሐሳቦች እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ይሰጣቸው፦ ማን ምን ይፈልጋል፣ ምን ይከለክለዋል፣ ካላገኘ ምን ያጣል። ከሳምንት በኋላ ሲነበብ አዲስ ትዕይንት ያመጣ ሐሳብ ይያዝ፤ ጭብጡ ብቻ የሚያምረው ይቆይ። የሥራውን መጠንም ከቃል ይልቅ በትዕይንት ማሰብ ይቀላል። «አልነገረችኝም» በእኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አምስት ይሆናል፤ ስለዚህ ከውጭ መጻሕፍት የተቀዳ የቃላት ብዛት ለአማርኛ ልክ አይሆንም።

ሁለተኛውን ቅጽ ግን እባካችሁ አትቸኩሉበት። በእርማት ጊዜ ሟቹ ወንድም ከታሪኩ ሊወጣ ይችላል፤ በእሱ ሞት ላይ የተመሠረተ መቶ ገጽ አብሮት ይሄዳል። እስከዚያው የአንድ ገጽ ማስታወሻ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር
የልብ ወለድ ረቂቆች አርታዒ