ስለ ወንድምሽ ሰርግ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ድሬ ሙቀቱ ትንሽ ቀለል አለ? እዚህ ቱሉ ዲምቱ የጥቅምት ብርድ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ጋቢ ደርቤ ነው ቡና የማፈላው።

ከተጠፋፋን አራት ዓመት ሆነን። መጀመሪያ ስልኬ ጠፋ፣ ቁጥርሽም አብሮ ሄደ። ቁጥሩን ሳገኘው ደግሞ ጊዜው ረዝሞ ነበርና "አሁን ምን ብዬ ልደውል?" ስል ወር በወር ላይ ተደረበ። እማማ ማረፋቸውን የሰማሁት ከአርባቸው በኋላ ነው። ለቅሶ አልደረስኩሽም። ይህን በስልክ ልነግርሽ አቅም አጣሁ፣ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ይቅር በይኝ። እሳቸው ቤት ስንት ምሳ በልቻለሁ፣ ስንት ሌሊት ካንቺ ጋር አንድ አልጋ ላይ አድሬያለሁ። መጥቼ አብሬሽ ማልቀስ ነበረብኝ።

ዛሬ ያስጻፈኝ ወንድምሽ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከእጮኛው ጋር ቤቴ መጣ። ሰርግ እንደማዘጋጅ ከሰው ሰምቶ ኖሯል። በሩን ስከፍት አላወቅኩትም፤ ጢም አውጥቶ ትልቅ ሰው ሆኗል። "እትዬ!" ብሎ ጥምጥም ሲልብኝ ነው የለየሁት። ያ ኳስ ይዞ ከኋላችን የሚሮጠው ልጅ! እጮኛውን ደግሞ በጣም ወደድኳት። ብዙ አታወራም፣ ካወራች ግን ነገሩን ትቋጨዋለች። ቤተሰቦቿ ለገጣፎ ናቸው።

እኔና አንቺ ስንጠፋፋ ጸሐፊ ነበርኩ። ያ ሥራ ሲቀር የአክስቴ ልጅ "ሰርጌን አደራጂልኝ" አለችኝ። ከዚያ የሷ ሚዜዎች መጡ፣ ከዚያ የሚዜዎቹ ጓደኞች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እንጀራዬ ሆነ። ሰው ይህ ሥራ አበባና ጨርቅ መምረጥ ይመስለዋል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ሙሽሮች ገንዘብ ሊከፍሉ ሲሉ "ትንሽ ቆዩ" ማለት ነው።

ወንድምሽንም ያልኩት ይህንኑ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ አዳራሽ አይተው በጣም ወደውት፣ ሰኞ ቀብድ ሊከፍሉ ነበር። ፎቶው እውነትም ያምራል። "ስንት ሰው ነው የምትጠሩት?" አልኳቸው። "300" አለ ወንድምሽ ቶሎ ብሎ። ሁለት ደብተር ሰጠኋቸውና ለየብቻ ስም እንዲጽፉ አደረግኩ፤ የዘመድ፣ የሰፈር፣ የመሥሪያ ቤት፣ የማኅበር እያሉ። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ የሱ ብቻ 280 ሞላ። ገና አባባን አልጠየቅንም። ደወልንላቸው። "የእድሩ ሰውስ?" አሉ። ወንድምሽ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ዝም አለ። እማማን የቀበረ እድር ነው፣ ከዚያ ውስጥ ማን ይቀነሳል? የሷም ተደምሮ 560 ገባ። የወደዱት አዳራሽ የሚይዘው 350 ነው። ሰኞ ሳይጠይቁኝ ቀብዱን ከፍለው ቢሆን ኖሮ ወይ ገንዘቡን ያጣሉ፣ ወይ 210 ሰው ያስቀይማሉ።

ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከስም የምጀምረው። ስሙ ሳይጻፍ ቦታ ማየት ልኩን ሳያውቁ ጫማ መግዛት ነው።

ቀኑም የራሱ ጣጣ አለው። እነሱ እንደ ሁሉም ሰው ጥርን ነበር ያሰቡት። እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለችው ጊዜ ናት እንግዲህ ሁሉም የሚሻማባት። ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት 1 በፊት አይገባም፣ ከመጋቢት 5ም አያልፍም፤ ቶሎ በገባበት ዓመት ከጥምቀት በኋላ ሦስት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይቀራሉ። አዳራሹ፣ ዲጄው፣ ቪዲዮው፣ መኪናው፣ ወጥ ሠሪዋ ሳትቀር ለነዚያ ጥቂት ቀናት ይያዛሉ፣ ዋጋውም ያኔ ጣራ ይነካል። ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲያ ቢሆን ግን የተሻለ ፋታ አለ። በሃምሳው ቀን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የምግቡ ነገር ይቀላል። ዝናቡን መፍራት ነው ብቻ፤ የሚያዝያ ሰማይ አይታመንም። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስነግራቸው ልጅቷ "ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይሁን" አለች። አለቀ።

ትናንት ሁለት ቦታ ሄጄ አየሁላቸው። አንዱ ሱሉልታ ያለ ሰፊ ግቢ ነው፤ ሳሩ፣ ዛፉ፣ ለፎቶ የሚሆን ድንጋይ ቤቱ፣ ልብ ይሰርቃል። ጠዋት ፀሐይ ላይ ቢያዩት ወዲያው ይከፍሉ ነበር። እኔ ግን ቦታ የማየው ሰርገኛው በሚቀመጥበት ሰዓት ነውና 10 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ከፍ ያለ ቦታ ናት፣ ነፋሱ ከሜዳው ሲመጣ የሚመልሰው የለም። ለናሙና ያዘጋጁት ጠረጴዛ ላይ ያለው ጨርቅ እየተገለበጠ ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ ጣለው። የልብስ ሰፊ ሜትር ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለች። በሩን ለካሁት፤ ወንበር የጫነ አይሱዙ በዚያ አይገባም፣ ስለዚህ 560 ወንበር በሰው ትከሻ ሊገባ ነው። ሽንት ቤቱን ቆጠርኩ፣ ሦስት። ቧንቧውን ከፈትኩት፣ አየር ብቻ ተፋ። ጄኔሬተሩን አስነሱልኝ ስል ጥበቃው ቁልፍ ፍለጋ ሄደ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩት። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ ጥሩ አድርገው ነው የተቀበሉኝ። ግን ሰርግ ቀን ቁልፍ የሚፈልግ ሰው አልፈልግም።

ደግሞ መንገዱን አስቢው። ወንድምሽ ከሰበታ ተነስቶ በዓለም ገና፣ በአየር ጤና አድርጎ፣ ቀለበት መንገዱን ይዞ መገናኛ፣ ከዚያ ኮተቤን፣ ካራን አልፎ ለገጣፎ ይገባል። ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋረጠ ማለት ነው። እዚያ ደግሞ በሩ ላይ "አናስገባም ሰርገኛ" አለ፣ ምርቃቱ አለ፣ ምሳው አለ። ሙሽሪትን ይዞ ከወጣ በኋላ እንደገና እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ቢባል እንግዳው ተርቦ፣ ሙሽሮቹ ደክመው ነው የሚደርሱት። ሱሉልታን ሰረዝኩት። ሁለተኛው ወደ አያት ያለ አዳራሽ ነው። ለፎቶ እንደዚያኛው አያምርም። ግን 600 ሰው በደንብ ያስቀምጣል፣ ወጥ ቤቱ ከአዳራሹ ጋር የተያያዘ ነው፣ ውሃው ይፈሳል፣ ከለገጣፎም ሩቅ አይደለም። እኔ እሱን ነው የምመርጠው፤ ልጆቹ ቅዳሜ ራሳቸው ያዩታል።

ምግቡን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ይዣለሁ። ባለሙያው ቢሮው ጠርቶ በትንሽ ሰሃን የሚያቀምስሽን አትመኚው። ለሁለት ሰው ዶሮ ማጣፈጥ ማንም ይችላል። እኔ ያ ሰው ሌላ ሰርግ ሲሠራ አስፈቅጄ እገባና ጥግ ላይ ቆሜ የመጨረሻው ጠረጴዛ ተነስቶ ቡፌ ሲደርስ ምን እንደሚያገኝ አያለሁ። አንዱ ጋ ስሄድ የመጨረሻዎቹ አሮጊቶች መረቅ በእንጀራ ይዘው ሲመለሱ አየሁ። ስጋው ፊት ላይ አልቋል። ያንን ሰው ለማንም አላሳየሁም። ለወንድምሽ ያሰብኳት ሴት እንጀራውን ራሷ ቆጥራ ነው የምትረከበው፣ ቡፌውም መሐል ላይ ሲደርስ ከወጥ ቤት አዲስ ድስት ታስወጣለች። የሙስሊም እንግዶቻችንን ነገርም ከወዲሁ ነግሬያታለሁ፤ ስጋው ለብቻ ታርዶ፣ በተለየ ድስት ተሠርቶ፣ በተለየ ጠረጴዛ ይቀርባል። እነዚያን የሰበታ ጎረቤቶቻችሁን ደረቅ ነገር አብልተን አንሸኛቸውም።

ዲኮር ላይ አንዴ ክፉኛ ተጎድቻለሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ነው። የአንዷን ሙሽራ ዲኮር በቃል ብቻ ተስማምተን ቀብድ ሰጠን። ሰውየው ለዚያው ቀን የሌላም ሰርግ ይዞ ነበር። አበባው ግማሹ ሲደርስ እንግዳ መግባት ጀምሯል፣ ሙሽሪት መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ 40 ደቂቃ ጠበቀች። ሜካፑ በእንባ ወርዶ መስኮቱን ከፍታ "ገባን ወይ?" ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ያ ፊቷ እስካሁን አይጠፋኝም። በኋላ አንዲት ጠበቃ ደንበኛዬ የነገረችኝን አንቺም ያዢው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሰው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሳይኖር አንድ ብር አላስከፍልም። ወረቀቱ ላይ "ቀብድ" የሚለው ቃል ይጻፋል፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል፣ ለፎቶና ለቪዲዮ ደግሞ ካሜራውን ይዞ የሚመጣው ሰው ስም ይጻፋል። ጎበዙ ሥራውን አሳይቶሽ በቀኑ ተማሪውን የሚልክ አለና።

ሌላም የሚነገር አለ። በዚህ ሥራ ከአዳራሹም ከዲኮሩም ኮሚሽን የሚቀበል አለ፤ ለኔም "ሰው አምጪልኝ፣ አስብልሻለሁ" የሚሉኝ ሞልተዋል። አልቀበልም። ከሙሽሮቹ ብቻ ነው የምከፈለው። ሁለት ልጆች ሳሎኔ ተቀምጠው "አንቺ የትኛው ይሻላል ትያለሽ?" ሲሉኝ በሙሉ ልቤ መመለስ እፈልጋለሁ። የወንድምሽን ሰርግ ግን በገንዘብ አልሠራውም፣ እንዳትከራከሪኝ።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ። በስልክ ሁሉን ከሰሙ በኋላ "ድንኳኑን እዚሁ ግቢ ብንተክለውስ?" አሉ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር። ወንድምሽ "አይበቃም እኮ አባዬ" አለ። እሳቸው "አውቃለሁ፤ እናትህ ግን እዚህ ነበር ያሰበችው" አሉና ስልኩ ዝም አለ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ለ560 ሰው ግቢው በምንም አይበቃም። ለቅልቅሉ ግን ይበቃል። የሁለቱን ቤተሰብ የቅርብ ሰዎችና የእድሩን ሰዎች ብንይዝ 150 ቢሆኑ ነው። የእድሩ ወንበር አለ፣ የእድሩ ጎላ አለ፣ እማማን ያስተዛዘኑት ሴቶች ራሳቸው በዚያው ጎላ ይሥሩ። ለድንኳኑ ወለል ጣውላ አስነጥፋለሁ፣ ዝናብ ቢመጣ እንኳን እግር አይረጥብም። እማማ ቡና የሚያፈሉበት በረንዳ ላይ ማንም ዲኮር እንዳይሠራ፤ ቄጠማ ብቻ ይጎዝጎዝ፣ ረከቦቱ ይቀመጥ።

ለአባባ ይህን እንድትነግሪልኝ እፈልጋለሁ፤ ካንቺ ቢሰሙት ይሻላል። ግቢውን ደግሞ ከበሩ እስከ ጽዱ ድረስ በሜትር አስለክተሽ ላኪልኝ። ጽዱ ካልተቆረጠ ማለቴ ነው። ያንቺን ወገን እንግዶች ስምም ጻፊ፣ ከድሬ የሚመጡትን ለይተሽ፣ ማደሪያ እንድፈልግላቸው። ቁጥሬን ከታች ጽፌልሻለሁ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፣ ደውዪልኝ።

የምወድሽ፣
የሰበታዋ ጓደኛሽ