ሞተረኛው የት ያቁም?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ላለፉት 11 ዓመታት በአዲስ አበባ መሀል ከቢሮ ቢሮ ደብዳቤና ሰነድ በሞተር በማድረስ የምተዳደር ሠራተኛ ነኝ። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሀር፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ስመላለስ በቀን ከ15 ጊዜ ያላነሰ ሞተሬን አቆማለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የማቆመው ደግሞ ማቆም በሌለብኝ ቦታ ነው። ይህን ሳልደብቅ የምናገረው ባለፈው ወር ያጋጠመኝ ነገር ከአእምሮዬ ሊወጣ ስላልቻለ ነው።

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ደብዳቤ ለማስፈረም ወደ ሕንፃ ስገባ ሞተሬን በእግረኛ መንገዱ ላይ፣ ለዓይነ ስውራን በተነጠፈው ባለ ጉብጉብ ቢጫ ንጣፍ ላይ አቁሜ ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስመለስ ነጭ በትር የያዙ አንድ አዛውንት በትራቸው ከኋላ ጎማዬ ጋር ተጋጭቶ ቆመዋል። ምን እንደሆነ ለማወቅ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ሲዳስሱ ጣታቸው ገና ትኩስ ወደነበረው ማርሚታ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሮጬ እጃቸውን ያዝኩ። ይቅርታ ስጠይቃቸው አልተቆጡም፤ «ልጄ፣ እኛ ያለችን እኮ ይቺው መስመር ናት» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሆኖም እዚያ ከማቆሜ በፊት በቅርብ ወደሚገኝ ባለክፍያ ፓርኪንግ ሄጄ እንደ መኪና ከፍዬ ለማቆም ጠይቄ፣ ተራ አስጠባቂው ወጣት «ሞተር አናስገባም» ብሎ መልሶኛል። በእርሱም አልፈርድበትም። ደረሰኙን መኪናው መስታወት ላይ፣ ከመጥረጊያው ሥር ያደርገዋል፤ በሞተር ላይ ግን የሚያስቀምጥበት የለውም። ሞተርን ሁለት ሰው ተሸክሞ ሊወስደው ስለሚችል ቢጠፋ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ ወደ ኋላ የሚያሽከረክር ሾፌርም በመስታወቱ ሞተሩን ሳያየው ገጭቶ ይጥለዋል። ለሞተር የተሰመረ ቦታ እስከሌለ ድረስ እርሱ መከልከሉ፣ እኔም ወደ እግረኛው መንገድ መውጣቴ የሚቀር አይመስለኝም። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ዕለታዊ ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር በመሆኑ፣ እኛ መንገዱን ስንይዝ ወደ አስፋልቱ የምንገፋው ብዙውን የከተማዋን ነዋሪ ነው።

ቦታ ጠቦ ነው እንዳይባል ስሌቱ ቀላል ነው። ለአንድ መኪና የሚሰመረው ቦታ በርዝመቱ 5 ሜትር፣ በወርዱ 2.5 ሜትር ያህል ነው። ሞተር ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ፣ የኋላ ጎማው ወደ ጠርዙ ዞሮ በጎን በጎን ቢቆም ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ተሰጥቶ በዚያው ቦታ አምስት ሞተር ይቆማል። ከመስቀል አደባባይ ሥር ያለው ማቆሚያ ብቻ 1,400 ያህል መኪና ይይዛል፤ ከዚያ ውስጥ 20 የመኪና ቦታ ቢሰጠን 100 ሞተር ከመንገድ ዳር ተነሣ ማለት ነው።

መስመሩን የሚያሰምሩት ባለሙያዎች ግን እባካችሁ የመሬቱን አቀማመጥ ይመልከቱ። ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሀር ቁልቁል ነው። ሞተር በጎን መቆሚያው ተደግፎ አፍንጫው ወደ ቁልቁለቱ ከዞረ ትንሽ ሲነካ ወደ ፊት ይንሸራተትና መቆሚያው ይታጠፋል። እኛ የነዳጅ ሞተር የምንነዳው አንደኛ ማርሽ አስገብተን ወደ ዳገቱ አዙረን እናቆመዋለን፤ አሁን በየመንገዱ የበዙት የኤሌክትሪክ ስኩተሮች ግን አብዛኞቹ ማርሽ ስለሌላቸው በዚህ መንገድ አይያዙም። ስለዚህ ቦታው የሚመረጠው ከዋናው ቁልቁለት ላይ ሳይሆን ወደ ጎን በሚገነጠሉት ደልዳላ መንገዶች ላይ ቢሆንና መሬት ላይ ሰንሰለት የሚታሰርበት የብረት ቀለበት ቢተከል፣ ስርቆቱም መውደቁም አብሮ ይቀንሳል።

በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ በዝቶ ፈቃድ የሌላቸው ሞተሮች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ሲከለከል፣ እኛ በሕጋዊ መንገድ የምንሠራው ተመዝግበን እንድንታወቅ ተደርጓል። የተመዘገበ ተሽከርካሪ ታዲያ የተመዘገበ ማቆሚያ ሊኖረው ይገባል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ባለ ሁለት ጎማ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች መበራከታቸውን በዓይኔ የማየው ስለሆነ፣ ጉዳዩ ይደር ቢባል የባሰ እንጂ የተሻለ አይሆንም።

ክፍያን በተመለከተ በነፃ ይሁንልን አልልም። አንድ መኪና ከሚይዘው ቦታ አንድ አምስተኛውን ለሚይዝ ሞተር የመኪናውን አንድ አምስተኛ ማስከፈል ለሁሉም ተገቢ ነው። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ለነዳጅ ሞተሮች የማቆሚያ ክፍያ ስትጀምር የኤሌክትሪኮቹን በነፃ ትታለች፤ ለእኛም ከተማ ይህ ሊታሰብበት ይችላል።

ለሙያ ባልደረቦቼም የምለው አለኝ። ትእዛዝ ለመጠበቅ በካፌና በምግብ ቤት በር ስምንትና አሥር ሞተር ደርድረን ግማሽ ቀን መቀመጥ፣ እናቶች ልጅ አዝለው በመሀላችን ተሽሎክልከው እንዲያልፉ ማድረግ፣ ቦታ ስለጠፋ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ማቆሚያ ከተሰመረ በኋላ በእግረኛ መንገድ ላይ የተገኘ ሞተረኛ ቢቀጣ፣ እኔን ጨምሮ፣ አቤት የምንልበት ምክንያት አይኖርም።

የከተማው የትራፊክ አስተዳደር በመጀመሪያ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ በቸርችል ግራና ቀኝ እና በሜክሲኮ ዙሪያ፣ ከእያንዳንዱ ባለክፍያ ፓርኪንግ አንድ የመኪና ቦታ ብቻ ለሞተር አስምሮ እንዲሞክረው በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለአንድ ቦታ የሚያስፈልገው ነጭ ቀለም፣ አንድ ምልክትና አምስት የብረት ቀለበት ነው፤ ቀለሙም ዝናብ ሳያገኘው እንዲደርቅ ሥራው ክረምት ሳይገባ ቢጀመር መልካም ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ሞተረኛ አንባቢ፣ ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ