ጉብታው ድሮ ምን ያህል ነበር? የቅርስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«የቅርስ ክበብ ኮምፒውተር ላይ ምን ይሠራል?» የሚለውን ጥያቄ ዘንድሮ ከመምህራን ማረፊያ እስከ ወላጆች ስብሰባ ሰምቼዋለሁ። ጌም ነው የሚጫወቱት ያለም አልጠፋም። መልሱ ይኸው።

መንዝ ውስጥ ከአፈርና ከድንጋይ የተከመሩ የድሮ መቃብር ጉብታዎች አሉ። ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች ተተር ጉርን የመሳሰሉትን ቆፍረዋል። ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ያልነበረ ሕዝብ ሥራ ናቸው ብለው ጽፈዋል። «የሻይ ባህል» ይሉታል፤ ከሚጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም። ዛሬ የምናያቸው ጉብታዎች ግን ያኔ እንዲህ አልነበሩም። ዝናብ አጥቧቸዋል፤ ማረሻ ጫፋቸውን በልቷል። የመጀመሪያ ቅርጻቸውን ኮምፒውተር ላይ መልሶ ማቆም ይቻል ይሆን ብለን ተነሳን። እኛ የፈጠርነው ነገር አይደለም። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ እርሻ የደመሰሳቸውን ሆፕዌል የሚባለውን የጥንት የአገሬው ባህል የአፈር ግንቦች ተመራማሪዎች የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቅየሳ ካርታ ይዘው በኮምፒውተር መልሰዋቸዋል። ከነዚያ ግንቦች ከተረፉት አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆነዋል።

ስለ ስብሰባዎቻችን ብዙ አልልም። ሰብሳቢ ተመረጠ፣ ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ፕሮግራምና ብሌንደር የሚባለው የቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ተጫኑ። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ከህዋ የተነሳ የመሬት ከፍታ መረጃም በነጻ አወረድን፤ ግን አልጠቀመንም። አንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለሆነ ጉብታው እዚያ ውስጥ ይዋጣል። ሄዶ መለካት ግድ ሆነ።

እስከዚያው ክፍል ውስጥ በምሳሌ ሠራን። የግርጌው ስፋት 20 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ጉብታ እንውሰድ። የሾጣጣ ይዘት ስሌት 209 ሜትር ኩብ ይሰጣል። በውሃ ጀሪካን፣ በባለ 20 ሊትሩ፣ ከ10,000 ጀሪካን በላይ አፈር ነው! ልቅ አፈርና ድንጋይ ሲከመር 35 ዲግሪ ገደማ ተዳፋት ይይዛል። ያንኑ 209 ሜትር ኩብ በዚያ ተዳፋት ብንመልሰው ቁመቱ ወደ 4.6 ሜትር ይደርሳል። ተማሪዎቹ ጨርሰናል ብለው አጨበጨቡ።

ጉዞው በመንገዱ ሁኔታ ደጋግሞ ከተራዘመ በኋላ ተሳካ። አንዲት ጠጠር አልቆፈርንም፤ በገመድ ለካን፣ በስልክ ዙሪያውን ፎቶ አነሳን። አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡ። «ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?» አሉ። ክፍል ውስጥ እምብዛም የማትናገር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቀድማ መለሰች።

«አባባ፣ ይሄ ጉብታ ድሮ ምን ያህል ነበር?»

«እሱንማ እኛም በልተነዋል። ያ ካብ፣ ያ በረት፣ ድንጋዩ ከዚሁ ነው የወጣው።»

ስሌታችን አፈሩና ድንጋዩ ተንሸራተተ እንጂ ከቦታው አልሄደም ይላል። እሷ ወዲያው አልተናገረችም። ስንመለስ መኪና ውስጥ ግን ደብተሯን አወጣች። «ቲቸር፣ ቀመሩ የሚሰጠን ትንሹን ቁመት ነው ማለት ነው። ካቡንና በረቱንም ለክተን እንደምረዋ!» አለች። ሃያ ምናምን ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከተማሪ አፍ ብዙ ጊዜ አልሰማሁም። ጌም ነው ያላችሁኝ ይቺን ልብ በሉልኝ።

ፎቶዎቹን ወደ ባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ሞዴል መቀየሩ ግን አልተሳካም። ሥራው ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። የኛ ኮምፒውተሮች ዎርድ ሲከፍቱም ያቃስታሉ፤ መሀል ላይ መብራት ሲሄድ ደግሞ እንደ አዲስ ነው። ለስፖርት ማሊያ ገንዘብ ሲገኝ አይቻለሁ። ማሊያውን አልተቃወምኩም።

የምንፈልገው አንድ ደህና ኮምፒውተርና መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ ነው። ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን። ፎቶዎቹ ፍላሽ ላይ አሉ፤ ልጅቷም በሚቀጥለው ዓመት 12ኛ ክፍል ናት፣ ከዚያ በኋላ አናገኛትም። መርዳት የምትችሉ የቀድሞ ተማሪዎችና ወላጆች ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪው አጠገብ ታገኙኛላችሁ።