አባዬ፣ ፋሻው ነበር

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እጅህስ? እማዬ መንቀጥቀጡ ጠዋት ጠዋት ይብስበታል ብላኛለች። አንተ ግን «ደህና ነኝ» ብቻ ነው የምትለኝ። መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቀህ ውሰድ፣ እባክህ።

ሞተር ሳይክልህን ፈታሁት። «ሽጠው» ብለኸኝ ነበር። አልቻልኩም።

ትንሿ አብራኝ እየሠራች ነው። ባልቦላው፣ ያ የሚከፈት የሚዘጋው የሞተሩ ክዳን፣ ፒስተኑን እንዳይመታ ማየት ነበረብኝ፤ የምትጫወትበትን ጭቃ አመጣችልኝ። ፒስተኑ አናት ላይ ለጠፍነው። ባልቦላዎቹን ዘይት ቀባን፣ የሲሊንደሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ከነማሸጊያ ጉርኒሲዮኑ አስረን ፒስተኑን የሚያንቀሳቅሰውን ኮሎ በእጅ ሁለት ዙር አዞርነው። ስንከፍተው የባልቦላው ቅርጽ ጭቃው ላይ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። በምላጭ ቆርጬ ስሱን ቦታ ለካሁ፤ በጭስ ማውጫው በኩል 2.3 ሚሊ ሜትር። ከ2 ካለፈ ይበቃኛል። «አያቴም እንዲህ ያደርጋል?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም።

በ17 ዓመቴ ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ ሲልብኝ አዲስ ፒስተንና ፋሻ፣ ፒስተኑን የሚከብበው የብረት ቀለበት፣ ከገባለት ገና ሳምንቱ ነበር። «ያለ ዘይት ነድተህ ገደልከው» አልከኝ። ዘይቱን አይቼ ነበር የወጣሁት። ነገርኩህ፤ አልሰማኸኝም። ከዚያ በኋላ ለወራት መፍቻ አላስነካኸኝም።

አሁን የላይኛውን ፋሻ አወጣሁት። ሁለቱም ጫፎቹ እንደ መስታወት ያበራሉ። ግሎ ሲለጠጥ ጫፍ ለጫፍ ተገፋፍቷል ማለት ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ታች፣ ያልተበላው ቦታ ላይ አስገብቼ በፒስተኑ አናት አስተካከልኩት። የሲሊንደሩ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለየ25 ሚሊ ሜትሩ 0.1 ቢታሰብለት በፋሻው ሁለት ጫፎች መካከል 0.28 ያህል ክፍተት ይፈልጋል። የክፍተት መለኪያው፣ የፊለር ጌጁ፣ ቀጭኗ ብረት፣ 0.05 እንኳ አልገባችም። ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው የቢየላው ኩሽኔታ ደግሞ ደህና ነው። ዘይት አጥቶ ቢሆን እሱ የሚተርፍ አይመስለኝም።

ያን ማታ መብራት የያዝኩልህ እኔ ነበርኩ። ቸኩለህ ነበር። «ከፋብሪካ ተለክቶ ነው የመጣው» ብለህ አስገባኸው። «ዓይን ይሳሳታል፣ ለካ» እያልክ ያሳደግከኝ አንተው ነህ አባዬ።

አልዋሽህም፣ ፋሻውን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ተናደድኩ። ግን ፊለር ጌጁን የያዝኩት አንተ ባሳየኸኝ አያያዝ ነው፤ ሳልጫን፣ ብረቱ ሳብ ሲያደርገኝ ብቻ እየተሰማኝ። ሌላ ያስተማረኝ ሰው የለም።

የአዲሶቹ ፋሻዎች ክፍተት 0.20 ነው። መሞረድ አለባቸው፤ አንዱን ጫፍ ብቻ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ። አልነካኋቸውም። ሳይዘገይ ብትመጣ ደስ ይለኛል። ሞረዱን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ አጠገቤ ሆነህ በቃ ትለኛለህ።

ማክሰኞ ከሐኪም ስትመለስ እደውላለሁ። ስልኩን ለእማዬ እንዳታቀብላት።

ልጅህ