ጫፉ ላይ ገና እየወጣ ያለው መስመር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ባውንደሪ ሌየር (አየር ገጽ አጠገብ ሲያልፍ ስለሚዘገይበት ስስ ንጣፍ) ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግራፉ ግን ስላሳሰበኝ ነው የምጽፈው። ከገጹ ስንርቅ የአየሩ ፍጥነት እንዴት እንደሚጨምር የሚያሳየው መስመር ቀኝ ጫፍ ላይ 1 ነክቷል (1 ማለት ከውጪው አየር ጋር እኩል ፍጥነት ነው)፣ ግን አልተኛም። እየወጣ ሳለ ነው የተቆረጠው።

ይህን ስህተት አውቀዋለሁ፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። አየር በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ሲያልፍ ሰሌዳውን የነካው አየር ይቆማል። ከሰሌዳው ራቅ እያልን ስንሄድ ፍጥነቱ እየጨመረ ከውጪው ጋር ይስተካከላል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ፕራንትል ይህን ስስ ንጣፍ ያስተዋወቀው በ1904 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1908 ተማሪው ብላዚየስ የሰሌዳውን ጉዳይ ወደ አንድ ዲፈረንሻል እኩልዮሽ አወረደው። ጣጣው የሚመጣው መፍትሔው ማሟላት ካለበት ሦስት ሁኔታዎች ነው፤ ሁለቱ ሰሌዳው ላይ ናቸው፣ ሦስተኛው ግን ኢንፊኒቲ ላይ። ኮምፒውተር ደግሞ ኢንፊኒቲ ድረስ አይሄድም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ያለውን ስሎፕ (ፍጥነቱ እዚያ የሚጨምርበትን ምጣኔ፣ ሰበቃውም የሚለካው በዚሁ ነው) ገምተን ሩንገ ኩታ በሚባለው የስሌት ዘዴ እርምጃ በእርምጃ እንሄዳለን፣ ጫፉ ላይ ፍጥነቱ 1 ካልሆነ ግምቱን አርመን እንደገና። ሹቲንግ የሚባለው ይኼ ነው።

እኔ በኢንፊኒቲ ፈንታ የምቆምበትን ጫፍ 3 ላይ አደረግኩት (ርቀቱ በእኩልዮሹ አሃድ አልባ መለኪያ ነው)። ፕሮግራሙ ያለምንም ችግር ጨረሰና ስሎፑን 0.40 አወጣልኝ። እርምጃውን በግማሽ ባሳንሰው፣ እንደገና ባሳንሰው ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፣ እኔም ትክክል ነው ብዬ ተቀበልኩት። ትክክለኛው ግን 0.332 ነው። ሰበቃውን ከ20 በመቶ በላይ አግንኜዋለሁ ማለት ነው! እርምጃው ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋው ጫፉ ነው። እውነተኛው ፍጥነት 3 ላይ ገና 0.846 ነው፣ እኔ ግን እዚያው 1 እንዲሆን አስገደድኩት። ጫፉን 5 ላይ ሳደርገው 0.336፣ 10 ላይ ደግሞ 0.332 መጣ።

በ1912 ቶፕፈር ያሳየው ማረጋገጫ በጣም ደስ ይለኛል። ስሎፑን 1 ብላችሁ አንዴ ብቻ ራቅ ወዳለ ጫፍ ሂዱ። ፍጥነቱ 2.085 አካባቢ ይረጋል። 1ን ለዚህ ቁጥር 3/2ኛ ኃይል ብታካፍሉት 0.332 ታገኛላችሁ፣ ያለ ምንም ግምት። ለሁሉም እኩልዮሽ አይሠራም፣ ለብላዚየስ ግን ይሠራል። ፍሰቱ ከገጹ ሊላቀቅ ሲቃረብ ደግሞ ንጣፉ ስለሚወፍር ጫፉ ይበልጥ መራቅ አለበት።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ጫፉን በእጥፍ አርቀው ያንኑ ፕሮግራም ደግመው ያሠሩት። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ከተለወጠ አዲሱን ግራፍ ከድሮው ጎን አድርጋችሁ አውጡልን፤ ተማሪዎች ሁለቱን አስተያይተው ልዩነቱን በዓይናቸው ይዩት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ