ለተማሪዎች የመጀመሪያ ሽያጭ እናዋጣ

አንዲት ተማሪ ከዓይኔ አትጠፋም። ከጓደኛዋ ጋር ደብተር እየጠረዙ ሊሸጡ ተነሱ። ሃያ ገጽ ቢዝነስ ፕላን ጽፋ ጥሩ ማርክ አግኝታበታለች። የመጀመሪያዋ ደንበኛ መጥታ «ስንት ነው?» ስትላት ግን ዞራ ጓደኛዋን አየች። ዋጋው ፕላኑ ላይ ተጽፏል፤ ከአፏ ግን አልወጣ አለ። ማታ ቁጭ ብለው ሲያሰሉ ደግሞ ክሩንና ካርቶኑን እንጂ የፈጀባቸውን ሰዓት ጭራሽ እንዳልቆጠሩት ገባቸው። በማግስቱ ዋጋውን አስተካክለው ወጡ። በሳምንቱ ዋጋዋን ሳትንተባተብ ትናገር ነበር።

የኢንተርፕረነርሺፕ ኮርስ ተማሪን ወደ ቢዝነስ ይገፋዋል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት 73 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ መረመረ፤ በውስጣቸው ከ37 ሺህ በላይ ሰዎች አሉ። ኮርሱና ቢዝነስ የመጀመር ሐሳብ ይገናኛሉ፤ ግንኙነቱ ግን ትንሽ ነው። ተማሪው ከኮርሱ በፊት የነበረው ፍላጎት ሲታሰብበት ደግሞ ያ ትንሽ ግንኙነትም ጎልቶ አይታይም።

እኔን አልገረመኝም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከምንም በላይ የሚያጠነክረው ራስ ሞክሮ ማሳካት እንደሆነ ያስረዳው ገና እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ብዙ ኮርሶች ግን ፕላኑ ላይ ያበቃሉ። ለምን ቢባል፣ መሞከሪያ ገንዘብ የለማ!

ለዚህ ነው ተዘዋዋሪ የሙከራ ፈንድ ለማቋቋም የተነሳነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ለጥሬ ዕቃ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ያለ ወለድ ይወስዳሉ። ሸጠው ሲያተርፉ ዋናውን ይመልሳሉ፤ ትርፉ የራሳቸው ነው። ከከሰሩ ዕዳ አይከተላቸውም። የሆነውን ግን ከነሒሳቡ ጽፈው ለሚቀጥለው ቡድን ያስረክባሉ። ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ ገቢና ወጪው በየወሩ ለለጋሾች ይላካል።

አንድ ነገር አልደብቃችሁም። ሞክረው «ይህ ለእኔ አይሆንም» የሚሉ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ ትንሽ ድርጅት እየመሩ የተማሩት ተማሪዎች ቢዝነስ የመጀመር ሐሳባቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። እኔ ይህን እንደ ኪሳራ አላየውም። የቤተሰብን ጥሪት ከበሉ በኋላ ከመንቃት፣ ተማሪ ሳሉ በትንሽ ገንዘብ ራስን ማወቅ ስንት እጥፍ ይሻላል።

የቻላችሁ በገንዘብ አግዙን፤ ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት። የማትጠቀሙበት ግን የሚሠራ ፕሪንተር፣ ኮምፒውተር ወይም የልብስ ስፌት መኪና ካላችሁም እንቀበላለን። ቢዝነስ የሠራችሁ ደግሞ በወር ሁለት ሰዓት ስጡን። በተለይ ከፍታችሁ የዘጋችሁ፣ በጣም እንፈልጋችኋለን፤ እናንተ የምታውቁት መጽሐፍ ላይ የለም። ለመስጠት የወሰናችሁ የፈንዱን አስተባባሪዎች አነጋግሩ። የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ሳይጀመር የመጀመሪያዎቹን ቡድኖች መምረጥ እንፈልጋለን።

ለእነሱ ዋጋ አወጣጥ የምታሳየው ያቺው ደብተር ጠራዧ ናት። ጠይቀናት እሺ ብላለች።